ራውተር በአንቴና ብዛት አይመረጥም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ቴክኖሎጂ ብዙም ለማይገባው ሰው የቤት ራውተር እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ ነው። እኔ ጋ የደረሰው በጎረቤቴ በኩል ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ትልቅ ትንሹ ጋሼ ይላቸዋል።

«ልጄ፣ ይሄን አንብቤ ነው የገዛሁት» አሉኝ ስልካቸውን እየዘረጉልኝ። «ስምንት አንቴና አለው። ማታ ማታ ግን ይጠፋል።»

«ይንቀራፈፋል ነው ወይስ ጭራሽ ይጠፋል ጋሼ?»

«ይጠፋል! መብራቱ ሁሉ ድርግም ይልና እንደገና ይነሳል።»

ጽሑፉን እዚያው በራቸው ላይ ቆሜ ጨረስኩት። የጸሐፊው ምክር ባጭሩ ይህ ነው። አንቴናው የበዛ ራውተር ሲግናሉ ይበረታል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ፍጥነቱን ስለሚናገር ትልቁን ማንሳት ነው። የመጨረሻውን የዋይፋይ ትውልድ የገዛ ሰው ለአሥር ዓመት አያስብም። ሲግናል የማይደርስበት ክፍል ካለ ሬፒተር (ሲግናሉን ተቀብሎ የሚደግም ዕቃ) መሰካት ነው። ቴክኒክ የማያውቅ ሰው ሴቲንግ ባይነካ ይሻለዋል፤ ለደኅንነቱ የዋይፋዩን ስም መደበቅ ይበቃዋል። በመጨረሻም ራውተርን በየቀኑ አጥፍቶ ማብራት ጥሩ ልማድ ነው።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት ያስታውቃል። አጻጻፋቸውም ቀለል ያለ ነው፤ ሰው የተቀባበለው ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ምክራቸው ከላይ እስከ ታች ስለ ጉልበት ነው። ቴክኒክ የማያውቀውን ሰው የቸገረው ጉልበት አይደለም። እሱ የሚፈልገው ሰክቶ የሚረሳውን ዕቃ ነው። እነዚህ ሁለቱ በተለያየ ዓይን ነው የሚመረጡት። በእሳቸው ቅደም ተከተል እሄዳለሁ፤ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ፣ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ።

አንቴናው ሲበዛ ሲግናሉ ይበረታል?

ጎረቤቴን ያሳሳታቸው ይሄኛው ነው። አይፈረድባቸውም። እግሩን ወደ ላይ የሰቀለ ሸረሪት የመሰለ ዕቃ ጉልበተኛ መስሎ መታየቱ አይቀርም።

አንቴና ግን ኃይል አያመነጭም። ራውተር ወደ አየር የሚለቀው ኃይል በሕግ የተገደበ ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ፣ ዋይፋይ ከሚሄድባቸው የሞገድ መስመሮች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጣሪያው 100 ሚሊዋት ነው፤ አንቴናው የሚጨምረው ሁሉ ተቆጥሮ። አንድ ባለ 9 ዋት አምፖል የዚህን 90 እጥፍ ይወስዳል። ሁለት አንቴና ያለውም ስምንት ያለውም ከዚያች ጣሪያ ሥር ናቸው።

ታዲያ ብዙ አንቴና ምን ይሠራል? በአንድ ጊዜ በርከት ያለ የመረጃ ጅረት ለመላክ ያገለግላል። ሲግናሉን ወደ ተጠቃሚው አቅጣጫ ለማነጣጠርም ይረዳል። ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። ግን ሙሉ ጥቅሙ የሚገኘው ወዲያ ማዶ ያለው መሣሪያም አቻው ሲሆን ነው። አብዛኛው ስልክ ለዋይፋይ ያለው ሁለት አንቴና ነው። ስምንት ሰው ተሰብስቦ ቢያወራለት፣ የሚሰማው ያው በሁለት ጆሮው ነው።

ሌላም ጸሐፊው የዘለሉት ነገር አለ። ዋይፋይ የሁለት ወገን ጭውውት ነው። ራውተሩ የፈለገውን ያህል ቢጮህ፣ ስልኩም መመለስ አለበት። ስልክ ደግሞ ትንሽ ባትሪ የተሸከመ ትንሽ ዕቃ ስለሆነ ድምፁ ቀጭን ነው። ጓዳ ገብታችሁ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ገጽ አልከፍት ብሎ ያውቃል? እናንተ እሱን ትሰሙታላችሁ፣ እሱ ግን እናንተን አይሰማችሁም። አንቴና የጨመረ ራውተር ይህን አይፈታውም። መጠጋት ነው የሚፈታው።

አንቴና ያለው ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ሲግናሉን የሚበትነው ወደ ጎን ነው፤ ሞገዱ አንቴናውን እንደ መኪና ጎማ ከቦት ይወጣል። ወደ አናቱና ወደ እግሩ የሚሄደው በጣም ትንሽ ነው። ቤቱ ፎቅ የሌለው ከሆነ ሁሉንም አቁሟቸው። ፎቅና ምድር ካለው አንዱን አጋድሙት። ሁሉንም ወደ አንድ ክፍል «ማነጣጠር» ግን ጠመንጃ ስላልሆነ ትርፉ ድካም ነው።

የካርቶኑ ቁጥር

ሁለተኛው ምክር ትልቁን ቁጥር አንሱ የሚል ነው። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ካርቶኑ ላይ ኤኤክስ 3000 (AX3000) የተባለ ራውተር እንውሰድ። በ2.4 ጊጋኸርዝ በሰከንድ 574 ሜጋቢት (የፍጥነት መለኪያ ነው)፣ በሌላው የሞገድ መስመር በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 2402 ሜጋቢት ይችላል ይባላል። ሁለቱ ሲደመሩ 2976 ይሆናሉ። ከዚያ ወደ 3000 ይጠጋጋሉ። በቃ፣ ቁጥሩ ይሄው ነው።

ስልካችሁ ግን በተለመደው አሠራር በአንድ ጊዜ የሚገናኘው ከአንዱ ጋር ብቻ ነው። ሁለቱን መደመር፣ አንድ ሰው በሁለት መንገድ በአንዴ ይሄዳል እንደማለት ነው። ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም የመጣው ከዋይፋይ 7 ጋር ነው፤ እሱም ስልኩ ከቻለ። በዚያ ላይ 2402 የሚገኘው ራውተሩም ስልኩም እጅግ ሰፊውን መስመር ሲጠቀሙ ነው። ብዙ ስልክ የሚችለው የዚያን ግማሽ ስፋት ነው። ቁጥሩ ወዲያው ወደ 1201 ይወርዳል። ግድግዳ፣ ርቀትና የጎረቤት ዋይፋይ ደግሞ ከዚያም ላይ ይቆነጥራሉ።

ይህም ሁሉ ሆኖ፣ ቤታችሁ የሚገባው መስመር 50 ሜጋቢት ከሆነ ኢንተርኔታችሁ 50 ነው። ከጉድጓዱ የሌለውን ውኃ ባልዲ በማስፋት አይቀዱትም።

ምን ያህል ያስፈልጋል? የፊልም ማሳያው ኔትፍሊክስ ፎርኬ (4K) ለሚባለው ከፍተኛ የምስል ጥራት የሚመክረው 15 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ ለተለመደው ሙሉ ኤችዲ 5 ይበቃል ይላል። የቪዲዮ ጥሪ ጥቂት ሜጋቢት ይወስዳል። አራት ሰው በአንዴ ፎርኬ ፊልም ቢከፍት 60 ነው። ከዚህ ተነስታችሁ የራሳችሁን ቤት ቁጠሩ።

ጸሐፊው ስለ ቁጥር ይህን ያህል ሲያወሩ፣ ሊመለከቱት የሚገባውን ቁጥር አልነኩትም። እሱ ያለው በዕቃው ጀርባ ነው። የኬብል ቀዳዳዎቹን ማለቴ ነው። ካርቶናቸው ላይ 1200 የተጻፈባቸው ሆነው የኬብል ቀዳዳቸው ከ100 ሜጋቢት የማያልፍ ራውተሮች አሉ። መስመራችሁ 300 ቢሆን እንኳ የሚገባው በዚያች 100 ቀዳዳ ነው። በሩ ጠባብ ከሆነ የአዳራሹ ስፋት ምን ይጠቅማል? ካርቶኑን ገልብጡና «ጊጋቢት» (1000 ሜጋቢት ማለት ነው) የሚል ፈልጉ። ከሌለ፣ ከፊት ለፊቱ ምንም ይጻፍ ምን፣ መልሱት። መስመራችሁ ከ100 በታች ከሆነና ለጊዜው የማደግ ሐሳብ ከሌላችሁ ግን ይህም አያስጨንቃችሁ።

አዲሱን ትውልድ የገዛ አሥር ዓመት አያስብም?

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ከሁሉም ያልተዋጠልኝ ይህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ትውልዶቹ። ዋይፋይ 4፣ 5፣ 6 የሚለው አጠራር የመጣው በ2018 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ሰው 802.11 የሚል ቁጥርና ፊደል ነበር የሚያነበንበው። ዋይፋይ 4 የ2009 ነው፤ ዋይፋይ 5 በ2013 መጣ፤ ዋይፋይ 6 በ2019፣ ዋይፋይ 7 በ2024 ማረጋገጫ መሰጠት ተጀመረላቸው። አዲሱ ራውተር ከአሮጌ ስልክ ጋር በአሮጌው ቋንቋ ያወራል። ዋይፋይ 7 ገዝታችሁ ቤት ያለው ሁሉ ዋይፋይ 5 ከሆነ፣ በአመዛኙ የምትኖሩት በ2013 ነው። አዲሱ የ6 ጊጋኸርዝ መስመርም በሁሉም አገር አልተፈቀደም፤ በተፈቀደበትም ግድግዳ ማለፍ ይከብደዋል።

እኔን ብትጠይቁኝ ዛሬ ለተራ ቤት ዋይፋይ 6 ይበቃል። ጥሩነቱ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ስልክ፣ ቲቪ፣ ላፕቶፕና ካሜራ በአንዴ ሲንጫጩ ወረፋውን በሥርዓት መያዝ ይችላል። ጠንካራ የዋይፋይ 5 ራውተር ያለው ሰውም ለመጣል አይቸኩል።

አሥር ዓመቱ ላይ ስመጣ ግን ጸሐፊው አንድ ቃል ያልተነፈሱበት ነገር አለ። አፕዴት።

ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ሶፍትዌር አለው። ሶፍትዌሩ ቀዳዳ ይገኝበታል። አምራቹ ቀዳዳውን የሚደፍን አፕዴት ይልካል። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ግን አምራቹ «ይህን ሞዴል ትቼዋለሁ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገኘው ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ራውተሩ ግን ይሠራል። መብራቱ ይበራል፣ ፊልሙ ይታያል። ባለቤቱ በምን ይወቅ?

ይህ ተረት አይደለም። በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና የፋይል ማስቀመጫ መሣሪያዎችን እንደያዘ ተደርሶበታል። አብዛኞቹ የቤትና የትንሽ ቢሮ ዕቃዎች ነበሩ። በግንቦት 2025 ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ፣ አምራቾቻቸው የተዉአቸው አሮጌ ራውተሮች እየተጠለፉ ለሌባ መሸሸጊያ እየሆኑ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ሌባው ሌላ ቦታ ወንጀል ይሠራል፤ ዱካው ሲፈለግ የሚያደርሰው ወደ እናንተ ቤት ነው።

ስለዚህ ሻጩን ስለ አንቴና አትጠይቁት። «ይሄ ሞዴል አፕዴት የሚያገኘው እስከ መቼ ነው? ራሱ ነው የሚያወርደው ወይስ እኔ መፈለግ አለብኝ?» በሉት። ሻጩ ካላወቀ የሞዴሉን ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ፈልጉ። የመጨረሻው አፕዴት የወጣበት ቀን እዚያ ይጻፋል። ባለፉት ጥቂት ወራት የወጣ ካለ ዕቃው በሕይወት አለ። የመጨረሻው ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ከሆነ፣ ካርቶኑ ገና ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ቢሆን እንኳ ሬሳ ነው የምትገዙት። ለማያውቅ ሰው ደግሞ አፕዴቱን ሌሊት ራሱ አውርዶ ራሱ የሚጭን ራውተር ከየትኛውም የሲግናል ጉልበት ይበልጥበታል። በየወሩ ሴቲንግ ገብቶ አፕዴት የሚፈልግ ሰው ስንት አለ? እኔ ራሴ እረሳለሁ።

«ሬፒተር ሰኩበት»

ሬፒተር የሰማውን መልሶ የሚናገር ዕቃ ነው። የተለመደው ዓይነት የሚሰማውም የሚናገረውም በዚያው መስመር ነው፤ እያንዳንዱ መልእክት አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይነገራል። ፍጥነቱ ወደ ግማሽ መውረዱ ለዚህ ነው። አንዷን ካሜራ ለማገናኘት ምንም አይልም። ለቤተሰብ ግን ያማርራል።

ሰው ደግሞ የሚሰካው የት ነው? ሲግናል የሌለበት ክፍል ውስጥ! እዚያ ደግሞ የሚደግመው የለውም። ከተሰካ አይቀር መሐል ላይ ነው፤ ከራውተሩ ገና በደንብ የሚሰማበት ቦታ።

ከሬፒተር በፊት ግን ራውተሩን ማንቀሳቀስ ይቀድማል። ጸሐፊው ይህን ለምን እንደዘለሉት አልገባኝም፤ ምንም ወጪ የሌለው መፍትሔ ይሄ ብቻ ነው። የጎረቤቴን ቤት ልንገራችሁ። ባለ ስምንት አንቴናው ጌታ የት ነበር? ሳሎን ጥግ፣ የቲቪው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶበት፣ ከቲቪው ጀርባ። ቲቪው ከኋላው ብረት ነው። ሣጥኑ ሙቀት ያፍናል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ትልቅ መስታወት ተሰቅሏል፤ የመስታወት ጀርባ በስሱ ብረት የተቀባ ስለሆነ ሲግናል ይመልሳል። የዓሣ ገንዳ ቢኖር ኖሮ ይሞላልን ነበር፤ ውኃም ሞገድ ይውጣልና።

ራውተር ከፍ ያለ፣ ገላጣና ወደ ቤቱ መሐል የቀረበ ቦታ ይወዳል። መሬት ላይ አይቀመጥ። ከማይክሮዌቭ ምድጃም ይራቅ፤ ምድጃው የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ ከዋይፋዩ ጋር አንድ ሰፈር ማለት ነው። 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ግን የተጨናነቀ ነው። እዚያ ላይ ሳይነካኩ የሚሠሩት መስመሮች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በአንድ ሕንፃ ሃያ ቤተሰብ እነዚህን ሦስቱን ይጋፋል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። አንድ ሁለት ግድግዳ የማያልፍ ሥራ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ።

ራውተሩን አንቀሳቅሳችሁም ካልሆነ፣ ሜሽ የሚባለውን እዩ። ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ ሆኖ በአንድ ስም የሚሠራ ነው። በመካከላቸው የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ከተቻለ ወደር የለውም። ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት ለሆነ ቤት ደግሞ የምመክረው ኬብሉን ነው። አያምርም፤ ይሠራል።

ሴቲንግ አትንኩ፣ ስሙን ደብቁ

ይህ ምክር አደገኛ ነው። በደፈናው ለማለት አይደለም፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ስሙን መደበቅ ማንንም አይከለክልም። ራውተሩ ስሙን ባይናገርም መሣሪያዎቻችሁ ሲያወሩት በቀላል ነጻ ፕሮግራም ይታያል። ይባስ ብሎ፣ የተደበቀ ኔትወርክ የለመደ ስልክ በሄደበት ሁሉ «እገሌ የሚባል ዋይፋይ አለህ?» እያለ ሲጣራ ይውላል። ቤት ውስጥ የደበቃችሁትን ስም ስልካችሁ መንገድ ላይ ያውጀዋል።

ሴቲንግ አለመንካቱ ደግሞ በ2016 ምን እንዳመጣ ታይቷል። ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ረቂቅ ነገር አልሠራም። ፋብሪካ የሚሰጣቸውን 60 ገደማ የመጠቀሚያ ስምና ፓስወርድ ይዞ ኢንተርኔት ላይ ካሜራና ራውተር እያንኳኳ ዞረ። «አድሚን፣ አድሚን» ብሎ ሲሞክር ብዙዎቹ ከፈቱለት። በጥቅምት 2016 በእነዚህ የተጠለፉ ዕቃዎች በተሠነዘረ ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቸግረው ነበር። ባለቤቶቹ ያጠፉት ነገር ቢኖር፣ ሴቲንግ አለመንካታቸው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ስጡት። የራውተሩን የመግቢያ ፓስወርድ ቀይሩ። ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ይመስለዋል። የዋይፋዩን ፓስወርድ ረጅም አድርጉት። ትርጉም የሌለው ምልክት መደርደር ሳይሆን አራት አምስት የማይገናኙ ቃላት ማያያዝ ይበቃል፤ እናንተ አትረሱትም፣ ገማች ግን አይደርስበትም። የደኅንነቱን ዓይነት ደብሊውፒኤ 3 (WPA3) አድርጉ፤ አሮጌ ዕቃ አልገናኝ ካላችሁ ደብሊውፒኤ 2ን እና 3ን የሚያቀላቅለውን ምረጡ። ዌፕ (WEP) የሚለውን አሮጌ ዓይነት ካያችሁ ሽሹ፤ ከ2001 ጀምሮ ተሰባሪ መሆኑ የታወቀ ነው። የራስ ሰር አፕዴቱን አብሩ።

ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚባለውን ደግሞ አጥፉ። ፓስወርድ ሳይጻፍ በስምንት አኃዝ ቁጥር የሚያገናኝ ነገር ነው። ስምንት አኃዝ ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ራውተሩ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያረጋግጠው፤ የመጨረሻው አኃዝም ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ 10,000 እና 1,000 ሙከራ፣ በድምሩ 11,000 ይበቃል። ይህ በ2011 ይፋ ወጥቷል። ለኮምፒውተር 11,000 ምንም ማለት አይደለም።

ይኼው ነው። ከዚህ በላይ እውነትም አትንኩ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

በየቀኑ አጥፍቶ ማብራት

ጤነኛ ራውተር ሳይነካ ለወራት ይሠራል። በየቀኑ ካላጠፉት የማይሠራ ራውተር ታሟል። በ2018 የቪፒኤንፊልተር ጊዜ ኤፍቢአይ ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ ብሎ ነበር፤ ያ ግን ለአንድ በሽታ የተሰጠ የአንድ ጊዜ መድኃኒት ነው። በየቀኑ ከሆነ ምልክቱን ነው የምታክሙት።

በሽታው ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው፣ ወይ ያረጀ ሶፍትዌር፣ ወይ ደግሞ ማንም የማያስበው ነገር፦ አዳፕተሩ። ወደ ጎረቤቴ ልመልሳችሁ።

ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ራውተሩን አወጣሁት። ትኩስ ነው፣ ግን አያቃጥልም። ገልብጬ ሆዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። 12 ቮልት፣ 1.5 አምፔር ይላል። ከዚያ ሶኬቱ ላይ ያለውን አዳፕተር ነቅዬ በስልክ መብራት አየሁት። 9 ቮልት፣ 0.6 አምፔር።

«ጋሼ፣ ይህ የዚህ ነው?»

«የድሮው ነው» አሉኝ ሳይጨነቁ። «የአዲሱ ሽቦ አጠረብኝ፣ ሶኬቱ ጋ አይደርስም። ጫፉ ግን ልክክ ብሎ ገባ።»

ጫፉማ ይገባል። አንድ ዓይነት ጫፍ ያላቸው አዳፕተሮች ሞልተዋል። 12 ሲባዛ በ1.5 18 ዋት ነው። 9 ሲባዛ በ0.6 5.4 ዋት ነው። ራውተሩ ከሚያስፈልገው ሲሶውን እንኳ ሳያገኝ ነበር የሚውለው። ቀን ቀን ቤቱ ጭር ሲል ይችለዋል። ማታ የልጅ ልጆቹ ሲመጡ፣ ቲቪውም ሲከፈት፣ ሬዲዮዎቹ ሥራ ሲበዛባቸው ኃይል ያጥረዋል። ያኔ ድርግም ብሎ ይነሳል። በየቀኑ አጥፉና አብሩ የሚለው ምክር ለእኚህ ሰው ምን ያደርግላቸዋል? ራውተሩ ራሱ በየሰዓቱ እያደረገው ነው!

እናንተም ዘንድ እንዲህ ከሆነ ሁለቱን ጽሑፎች አስተያዩ። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። የጫፉ የመደመርና የመቀነስ ሥዕልም ይመሳሰል። ቮልቱ ከበለጠ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። አዳፕተር ደግሞ ሳይቀየርም ያረጃል፤ ሦስት አራት ዓመት የሠራ ራውተር በድንገት ማበድ ከጀመረ፣ አዲስ ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ተመሳሳይ አዳፕተር ሞክሩ።

ጸሐፊው ያልጻፉት

ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። አንደኛ፣ ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ጥፋቱ የራውተሩ መሆኑን አረጋግጡ። ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ነገሩ በአብዛኛው ከመስመሩ ነው፤ ኢንተርኔት ከሚያቀርብላችሁ ድርጅት ጋር ተነጋገሩ። በኬብል ፈጣን፣ በዋይፋይ ቀርፋፋ ከሆነ ያኔ ስለ ራውተርና ስለ ቦታው አስቡ። ልኬቱን ጠዋትም ማታም አድርጉት፤ የማታውና የጠዋቱ ሊራራቁ ይችላሉ። ደግሞ መስመራችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። በስልክ ሽቦ የሚመጣ፣ በፋይበር የሚመጣና በሲም ካርድ የሚሠራ የተለያየ ዕቃ ይፈልጋሉ። ያልገጠመውን ገዝቶ የተመለሰ ሰው ጥቂት አይደለም፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ ጥሩ ሆኖ አንድ ሰው ፎቶ ወደ ላይ ሲጭን የሌላው የቪዲዮ ጥሪ የሚደርቅበት ቤት አለ። ይህ የሲግናል ችግር አይደለም። ራውተሩ ወይም ሞደሙ (የኢንተርኔት መስመሩ የሚገባበት ዕቃ) ወረፋውን ከልክ በላይ አስረዝሞ ነው፤ የጥሪው ድምፅ ከፎቶዎቹ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ወረፋውን ብልህ አድርገው የሚያስተናግዱ ራውተሮች አሉ፤ ካርቶናቸው ላይ ኪውኦኤስ (QoS) የሚል ይጻፋል። ቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው ካለባችሁ ከአንቴናው ይልቅ ይህን ጠይቁ። ችሎታው ከዕቃ ዕቃ ስለሚለያይ ግን መመለስ በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ ሞክሩት።

ጎረቤቴ ጋ ሥራው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። የአዲሱን አዳፕተር ከካርቶኑ አውጥተን ማከፋፈያ አቀረብንለት። ራውተሩን ከሣጥኑ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው አናት ሰቀልነው። ፓስወርዱን ራሳቸው መረጡ፤ አምስት ቃላት፣ አንዱ ሰዋስው ነው፣ ሌላውን አልነግራችሁም።

«እና እነዚህ ስምንቱ አንቴናዎች?» አሉኝ ቀና ብለው እያዩ።

«ይቁሙ ጋሼ፣ መደርደሪያውን አሳምረውታል።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ፕሪንተር ነው።